አሳልፈው!

በቪዲዮ ቤት ዘመን የሕዝብ ድምፅ ማለት አንድ ቃል ነበር፦ "አሳልፈው!" ዛሬ ሁሉም በየስልኩ ብቻውን ስለሚያይ ቃሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ያኔ ግን ተዋናዩ ልጅቱን ሊስም ጠጋ ሲል ሃምሳ ወንድ ባንድ አፍ "አሳልፈው!" ይላል፤ አንድ ሁለቱ በሆዳቸው "ተው አታሳልፈው" ቢሉም በአደባባይ የሚናገሩበት ወኔ የላቸውም። ሽማግሌው አባት ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ኑዛዜ ሲያበዛ "አሳልፈው!" ፖሊሱና አለቃው ካርታ ዘርግተው ሲመካከሩ "አሳልፈው!" ባለቤቱም በሩ ሥር ተቀምጦ፣ ሪሞቱን እንደ ቄስ መስቀል ጨብጦ፣ የሕዝቡን ፈቃድ ይፈጽማል። መራጭና ተመራጭ እንደዚያ ተግባብተው ሲሠሩ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የማወራው ስለ አይከል ነው። ከጎንደር ተነስቶ አዘዞን አልፎ ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ያገኛታል። የጭልጋ ከተማ ናት። ብርዷ ጋቢ ያስደርባል፤ ከእሷ ወዲያ ግን መንገዱ ቁልቁል ወደ ቆላው ስለሚዘቀዘቅ፣ አይከል ላይ ተጀቡኖ ሻይ የጠጣ ሹፌር መተማ ሲደርስ በካናቴራ ነው። ሰሊጥ የጫነው መኪና ሽቅብ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደው ጎረምሳ ቁልቁል፣ ሁሉም በእሷ በኩል ያልፋል። ተመራማሪዎች ጭልጋ ውስጥ ቆፍረው የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የዝሆን ቅድመ አያቶች አጥንት አግኝተዋል። ከዝሆኖቹ ወዲህ ግን በመዝናኛ በኩል ብዙም የተጨመረላት ነገር አልነበረም፤ ቪዲዮ ቤቱ እስኪከፈት ድረስ።

ለጎንደር ልጅ ሲኒማ ማለት ፒያሳ ላይ ጣልያን ሠርቶት የሄደው አዳራሽ ነው፤ ወንበር አለው፣ ጣራው ሩቅ ነው። የአይከሉ ቪዲዮ ቤት ግን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተደፈነ፣ መቀመጫው አግዳሚ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የፊልሙ ድምፅ ጭራሽ አይሰማም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ፊልም ድምፅ አልባ ይሆንና ተመልካቹ ንግግሩን ከራሱ ይሞላል። ብዙ ፊልም የተሻሻለው በዚያ መንገድ ነው።

እኔ ያኔ እዚያው እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። 2001 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት ባለቤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

"መምህር፣ አንድ ሲዲ ከጎንደር መጥቶልኛል። ደም ብቻ ነው አሉ። ቋንቋው ግን ከበድ ይላል። እርስዎ ቆመው ቢተረጉሙልን መግቢያው በነጻ፣ ሻዩም በኔ።"

የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለምን እሺ እንዳልኩ አይጠይቀኝም። በማግስቱ ከበሩ ውጭ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁት፦ "ዛሬ 8 ሰዓት። ሰይጣኑ ፀጉር ቆራጭ። ደም እንደ ጎርፍ። ትርጉም በመምህር።" ከደም እንደ ጎርፍ ቀጥሎ ስሜ ባይወጣም ማዕረጌ ወጥቷል።

ፊልሙ "ስዊኒ ቶድ" ነበር። ተዋናዩን ጆኒ ዴፕን ከተማው በባሕር ወንበዴነቱ ስለሚያውቀው ገና ከሽፋኑ ተወዷል። እኔም ሆንኩ ባለቤቱ ያላወቅነው አንድ ነገር ነበር፤ ፊልሙ ዘፈን ነው። ዘፈን ያለበት ማለቴ አይደለም። ከሦስት እጁ ሁለቱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ በዜማ የሚነገር ነው። ስቲቨን ሶንድሃይም የሚባል አሜሪካዊ የዜማ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ በመድረክ ያሳየው፣ 8 የቶኒ ሽልማት የወሰደ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ዳይሬክተሩ ቲም በርተን ወደ ፊልም የመለሰው ደግሞ እኛ ሚሊኒየማችንን ተቀብለን ሳንጨርስ፣ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ላይ ወጣ። ታሪኩ አጭር ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ዳኛ የፀጉር ቆራጩን ሚስት ተመኝቶ፣ ባልየውን በሐሰት ፈርዶበት ባሕር ማዶ ያስግዘዋል። ሰውየው ከ15 ዓመት በኋላ ስሙን ለውጦ ይመለስና ፀጉር ቤት ከፍቶ፣ ዳኛው እስኪቀመጥለት ድረስ የሌላውን ሁሉ ጉሮሮ ይቆርጣል። ከታች ያለችው ባለ ምግብ ቤት ደግሞ ሥጋውን ሊጥ ውስጥ ከትታ ጋግራ ትሸጠዋለች።

በተባለው ሰዓት ቤቱ ጢም አለ። መጀመሪያ ላይ ስሞቹ ሲወጡ ደም በማርሽ መካከል ይንጠባጠባል፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀጥሎ መርከብ መጣ፣ ጉም መጣ፣ አንድ ለጋ ወጣት ከመርከቡ አፍንጫ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተና ዘፈነ።

ፀጥታ ሆነ። ሰው ገና እየታገሠ ነው። ሁለተኛው ሰው፣ ገዳዩ ራሱ፣ እንደ ንግግር ጀምሮ ወደ ዜማ ሲገባ አንድ ጎረምሳ ዘወር ብሎ አየኝ፤ እኔ ያዘፈንኳቸው ይመስል።

"መምህር፣ ምን እያሉ ነው?"

"ለንደን እንደሚባለው አይደለችም እያሉ ነው።"

"ታዲያ ይሄ ይዘፈናል?"

"አሳልፈው!"

ባለቤቱ አሳለፈው። ሌላ ዘፈን ላይ ወደቀ። አሳለፈው። ሴትየዋ ሊጥ እየደበደበች ትዘፍናለች፤ አሳለፈው። በስምንት እጥፍ ፍጥነት የሚሮጥ ፊልም ላይ ዳኛው መጥቶ ወንበሩ ላይ ዱብ አለ፣ ፀጉር ቆራጩ ፊቱን አረፋ ቀባው፣ ምላጩ ወደ ላይ ወደ ታች እንደ ዝንብ ክንፍ ተንቀጠቀጠ፣ ዳኛው ብድግ ብሎ ወጣ። "ለምን አላረደውም?" ተባልኩ። እኔ ምን ላውቅ! ምክንያቱ ያለው ባሳለፍነው ዘፈን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ በቆምንበት ሁሉ አንድ አንገት ይቆረጣል፤ ወዲያው ዘፈን፤ አሳልፈው፤ ሌላ አንገት። በመጨረሻ ምድጃ፣ እሳት፣ ደም፣ ስም ዝርዝር። ሰዓቴን አየሁ። የ116 ደቂቃው ፊልም በ35 ደቂቃ አልቋል።

"ብራችንን!" አለ ሕዝቡ። መግቢያው ሁለት ብር ነበር።

ባለቤቱ አግዳሚ ላይ ወጥቶ ተሟገተ። "እናንተው አሳልፈው አላችሁ፣ አሳለፍኩ!" ሕዝቡም፣ "ፊልም ብለህ አስገብተህ ዘፈን ታሳየናለህ?" አለ። አንዱ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ "ተርጓሚውም ይመልስ" አለ፤ የተከፈለኝ ሻይ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ልቤን አሳረፈው። እንግሊዞቹ፣ ያውም በገዛ አገራቸው፣ ያንኑ አድርገዋል። የፊልሙ ማስታወቂያ ምላጩንና ጨለማውን እያሳየ ዘፈኑን እምብዛም አላሳየም ነበር፤ ቲኬት ገዝተው የገቡት ሰውየው አፉን ሲከፍት አንዳንዱ ተነስቶ ወጣ፣ ሌላውም ማስታወቂያ ለሚቆጣጠረው አካል አቤት አለ። የነሱ አቤቱታ በደብዳቤ፣ የኛ በአግዳሚ ላይ ሆነ እንጂ ጉዳዩ ያው ሁለት ብር ነው። ማስታወቂያ ሠሪዎቹም ቢሆኑ ያደረጉት የኛን ባለቤት ሥራ ነው፤ ቀድመው አሳለፉት።

ዳይሬክተሩስ ንጹሕ ነው? በመድረኩ ላይ መንገደኛው ሁሉ ተሰብስቦ የሰውየውን ታሪክ የሚጀምርበትና የሚዘጋበት የኅብረት ዜማ አለ። ቲም በርተን እሱን አውጥቶ ጣለው። የመድረኩ ወዳጆች ደግሞ በዚህ ተቆጡ፦ ዘፈን በዛ ብሎ የሚጮህ አንድ ወገን፣ ዘፈን ጎደለ ብሎ የሚጮህ አንድ ወገን። ለሁለቱም የሚበቃ ሪሞት አልተሠራም።

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ የቆየ ነው። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" ብሎታል፤ ሙሉውን አሳልፈው ማለት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት "ፋቡላ"፣ እንስሳትን እያናገረ ሰዎችን ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሪሞቱ ቤተ መንግሥት ነበር፤ አንዴ ሲጫኑት ተውኔት የሚባለው ነገር ራሱ ለዓመታት አለፈ።

ወደ አይከል ልመለስ። በማግስቱ ባለቤቱ የሰሌዳውን ጽሑፍ አሻሻለው፤ ከደም እንደ ጎርፍ ሥር "ዘፈን አለው" ብሎ በትንሹ ጨመረ። ሐቀኛ ሰው ነበር። ሃያ ሰው ያህል መጣ፤ ግማሹ የትናንቱን ብር በዓይኑ ሊያካክስ፣ ጥቂቱ ደግሞ ጉዱን ሰምቶ። ከነሱ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ከራስ ቁር የማይለይ ባርኔጣ። አባታቸው ጣልያንን የተዋጋ፣ እሳቸው ደግሞ የአባታቸውን ጠመንጃ ሲወለውሉ ያደጉ ናቸው። ለምን ፊልም ሊያዩ እንደመጡ አላውቅም፤ የልጅ ልጃቸውን ፍለጋ መሰለኝ።

ጎረምሳው "አሳል—" ብሎ ሳይጨርስ፣ ፀጉር ቆራጩ ሣጥኑን ከፈተ። አሮጌ ወለል ሥር ለ15 ዓመት ተደብቀው የቆዩለት የብር ምላጮች ናቸው። አንዱን አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሣው፣ ዳበሰው፣ ማናገር ጀመረ። በዜማ።

"ተው! አታሳልፈው!" አሉ ሽማግሌው። ከዘራቸው መሬቱን ነካ። "መምህር፣ ምንድን ነው የሚለው?"

"ምላጩን ነው የሚያናግረው አባቴ። ወዳጄ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ተለያይተን ቆየን፣ አሁን ተገናኘን፣ አብረን ሥራ እንሠራለን ነው የሚለው።"

ሽማግሌው ሳቁ። "እና ይሄማ ፉከራ ነው! ዘፈን ማን አላችሁ?"

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ድራማ የሚል ኮርስ ወስጄ ያልታየኝ ነገር ነው። ሰው ውጅግራውን እያሻሸ ሲያወድስ፣ ምንሽሩን እንደ ሙሽራ ሲጠራ፣ ያ ሁሉ እኛ ዘንድ ያለ ነው። አንድ ሰው ሊገድል ሲነሣ ዝም ብሎ ቢነሣ ነው እንጂ የሚያስፈራው፣ ቢፎክርማ ወጉ ነው። ሽማግሌው ፊልሙን የተቃወሙት በሌላ በኩል ነበር።

"ሚስቱን ዳኛ ነጥቆት ፀጉር ቤት ይከፍታል?" አሉ፤ ከልባቸው ተገርመው። "ምን ዓይነት ወንድ ነው? ቋራ አይወርድም?"

ቋራ ቅርብ ነው። ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ከመባሉ በፊት የሸፈተበት በረሃ ከአይከል ወደ ምዕራብ ነው፤ ለጭልጋ ሰው የተበደለ ሁሉ የሚወርድበት ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ለንደን ቋራ የላትም ብዬ ልመልስላቸው አሰብኩና ተውኩት። እውነትም ሳስበው የፊልሙ ጣጣ በሙሉ ከዚያ የመጣ ነው፤ የሚሸፈትበት በረሃ ያጣ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠለትን ሁሉ ይፈጃል።

የልጅ ልጃቸው አልተረታም። "ቢሆንም አባባ፣ ሰው እየገደለ ይዘፍናል?" አለ።

ይህ ጥያቄ እኔንም ለጥቂት ቀን አብሮኝ ዋለ። ልጁ ይህን የጠየቀው አይከል ላይ ቁጭ ብሎ ነው። እኛ ስናጭድ የምንዘፍን፣ ስንወቃ የምንዘፍን፣ ሙሽራዋን ከእናቷ ጉያ ስንነጥቅ የምንዘፍን ሰዎች ነን። ጎረቤቱ ሲሞት ሙሾ አውራጇ ትመጣለች። አያቴ የሞተች ጊዜ የመጣችው ሴት እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለች፤ ቀጭን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ አያቴን በሕይወቷ ሁለቴ ያየች። ከመጀመሯ በፊት አክስቴን ወደ ጥግ ወስዳ፣ "ስንት ልጅ ወለደች? ጠላዋ ጥሩ ነበር? ከማን ጋር ተጣልታ ነበር?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ መሐል ገብታ፣ የሰማችውን ሁሉ በዜማ አወረደችው፤ የጠላዋ ጋን ሳይቀር ተለቀሰለት፤ የተጣላቻት ጎረቤታችን ራሷን መቆጣጠር አቅቷት መሬት ወደቀች። ማንም "ለምንድን ነው የምትዘፍነው?" አላለም። ላሊበሎችስ? ሌሊት፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ደጅህ ላይ ቆመው ስምህን እየጠሩ በዜማ ይለምኑሃል፤ ከሞቀ አልጋህ ተነስተህ ትሰጣለህ እንጂ "በንግግር አድርጉት" አትልም። በቴአትርም ቢሆን ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት የወጡ ሰው ነበሩና ተውኔቶቻቸውን በግጥምና በዜማ ነው የሞሏቸው።

ታዲያ ልጁ የተናደደው በዘፈኑ አይመስለኝም። ሕንድ ቢዘፍን አሳልፈው ይላል እንጂ ብሬን መልስ አይልም፤ ሕንድ እንደሚዘፍን ሲገባ ያውቃል። ነጭ ሰው ግን በፊልም ዝም ብሎ ይገድላል ተብሎ ነው የተነገረው። የኛ ሰው የማይወደው ሳይነገረው መቅረቱን ነው። የለቅሶ ቤት መስሎት ሠርግ ቤት የገባ ሰው ዓይነት ንዴት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የሥጋው ዘፈን ነበር። ገዳዩና ባለ ምግብ ቤቷ ሥጋውን ለመጋገር ሲስማሙ በደስታ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፦ የቄስ ሥጋ እንዴት ያለ ጣዕም አለው፣ የጠበቃስ፣ የባለሥልጣንስ እያሉ። ነገሩ ሁሉ የቃል ጨዋታ ነው፤ ባንዱ ቃል ሁለት ትርጉም፣ ቤት መምቻው ሲደጋገም። ሰምና ወርቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እኔ ደግሞ ቆሜ፣ ሻይዬ እየቀዘቀዘ፣ "እ... ቄሱ... ይጣፍጣል ነው የሚሉት" እላለሁ። ሃያው ሰው ጭጭ አለ። እነሱ እዚያ ይስቃሉ፣ እኛ እዚህ አንስቅም። ተርጓሚ እንደዚያ ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመኝበት ጊዜ የለም።

ያዳነኝ የጎረምሳው ጓደኛ ነው። "ማለት፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "የኛን ከተማ ሰዎች ሳምቡሳ ብናደርጋቸው ማለት ነው?"

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ማን ያየዋል! ባለቤቱ ራሱ ድምፁን ቀነሰው። "የቀበሌ ሊቀመንበር ስብ ይበዛበታል።" "የጉምሩክ ሰው አይበላም፤ ጥርስ ላይ ይቀራል።" "የደላላ ምላስ ብቻ ነው የሚገኘው።" "የመምህርስ?" ሁሉም ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከራስ ጸጉሬ እስከ ጫማዬ መዘኑኝ። "የመምህር ለሾርባ ነው" ተባለ። አልተቀየምኩም፤ እውነት ነው፣ ያን ጊዜ አጥንቴ ይቆጠር ነበር። ሶንድሃይም በሕይወት ነበር ያኔ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው በ91 ዓመቱ የሞተው። ዘፈኑ ጭልጋ ደርሶ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ደስ ያላላት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴት። ሰው በወጣ ቁጥር ሦስት አራት የሚገዛው ከእሷ ነበር። ያን ቀን ሃያ ሰው ወጣ፣ ሃያውም የተሸፈነውን ሳፋ አየት እያደረገ አለፈ።

"ምነው?" አለች።

"እታለም፣ ውስጡ ምንድን ነው?"

"ምስር ነዋ! መቼ ነው ሥጋ ሸጬ የማውቀው?"

"ምስሩ ለምን ቀላ?"

አንዱን አንስታ መሐል ለመሐል ገመሰችው። ምስር፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት። ወደ ብርሃን ይዛ አሳየች፤ ልክ ሰውየው ምላጩን እንዳነሣው። "ይኸው! በመድኃኔዓለም!" ማንም አልቀረበም። ሳምንቱን ሙሉ ሳፋዋን እንደሞላ ይዛ ገባች። ይባስ ብሎ ከጎንደር የመጣ አንድ አዝማሪ ጠጅ ቤት ውስጥ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ በማግስቱ ማሲንቆውን ይዞ በበሯ ሲያልፍ፦

ልቤ እሳምቡሳሽ ደጅ ውሎ ተመላለሰ፤
ሆድ አላስችል ብሎት ሥጋ ለባሽ ቀመሰ።

ብሎ አለፈ። ሥጋ ለባሽ ደካማ ነውና ሳይችል ቀርቶ ቀመሰ ነው ሰሙ። ወርቁን ከተማው ሁሉ ፈታው። እኔ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ሰዓት ተጨንቄ ያልወጣልኝን ትርጉም፣ አዝማሪው ፊልሙን ሳያይ ባንድ ቤት ጨረሰው። ሳምቡሳ ሻጯ መጀመሪያ ድንጋይ ልትወረውር ነበር፤ በኋላ ግን ሳቋ መጣ፤ አንድ ሳምቡሳ ሰጠችው፣ በላው፣ ያን ጊዜ ሌላውም መግዛት ጀመረ።

ፊልሙን ከሁላችንም በላይ ያየችው ደግሞ ይህችው ሴት ናት። በሩ ላይ ስለምትቀመጥ መጋረጃው ሲገለጥ ጎንበስ ብላ ትመለከታለች። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ያበደች ለማኝ አለች፤ በመንገዱ ላይ እየዞረች በዜማ የምትለምን፣ ሁሉም የሚያባርራት። ያን ቀን ገና መሐሉ ላይ ሳንደርስ ከውጭ ድምፅ መጣ፦ "ያቺ ላሊበላ ሚስቱ ናት።"

"ሚስቱማ መርዝ ጠጥታ ሞታለች ተብሏል እኮ" አልኩ ተርጓሚ እንደመሆኔ።

"ማን አላት?"

"ባለ ምግብ ቤቷ።"

"እና እሷን አመንካት? ሰውየውን ስትፈልገው አታይም?"

መጨረሻው ላይ ፀጉር ቆራጩ ለማኟን ቸኩሎ ይቆርጣታል፤ ዳኛው ሊመጣ ነው፣ መንገድ ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ በምድጃው ብርሃን ፊቷን ሲያይ ያውቃታል። ያኔ "አሳልፈው" ያለ የለም። ከመጋረጃው ወዲያ "አይ አንተ ሰው! ወይኔ!" የሚል ተሰማ፤ ደረት ሲመታ ተሰማ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጆኒ ዴፕም ሬሳውን አቅፎ በዜማ ሲያንጎራጉር ልጁ ምን እንደሚል አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተረጎምኩም።

አሁን የቀረው የፀጉር ቤቱ ነገር ነው።

አይከል ላይ ያኔ ከቪዲዮ ቤቱ ትይዩ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ደህና ሰው ነው፤ ቶንዶሱ ሲሞቅ እፍ እያለ የሚያበርድ፣ አዲስ ምላጭ ፊትህ ላይ ከወረቀቱ አውጥቶ ለሁለት ሰብሮ የሚያስገባ። አንድ አመል ብቻ ነበረው፦ ሲላጭ ያንጎራጉራል። ድሮ ማንም ልብ አላለውም። ከፊልሙ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ማንጎራጎሩን ሲሰማ አንገቱን እንደ ኤሊ ይሰበስባል። "ዝም ብለህ ላጭ" የሚለው በዛ። አንዱማ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲያጋድመው ዘሎ ተነሥቶ ወለሉን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ከሥሩ ጉድጓድ አለመኖሩን አረጋግጦ ነው የተቀመጠው። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሁሉ ያመጣው ማን እንደሆነ ያውቃል። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ትርጉም በመምህር።

እሁድ ጠዋት ሄድኩ። ሌላ ሰው የለም። አረፋውን ቀባኝ፣ ወንበሩን አጋደመው፤ ጣራው ላይ ያለችውን የሸረሪት ድር እያየሁ ተንጋለልኩ። ምላጩን በአልኮል ጠረገ፣ ቀረብ አለ።

"መምህር።"

"አቤት።"

"ሁለት ወር ሆነው እኮ፣ የዱቤዎ ነገር።"

"ደመወዝ ሲወጣ..."

"አይ፣ ግድ የለም።" ምላጩ ከአገጬ ሥር አረፈ፤ ብርዱ ተሰማኝ። "ያ ሰውየ ዳኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚያዜማት አለች አይደል? እሷን እንዴት ነበር የምትጀምረው? እንዲህ ነበር?"

ብሎ ጀመረ። ያለወትሮው ቀስ ብሎ፣ ቃል በሌለው ዜማ፣ ከጎንደር ዘፈን ጋር እያቀላቀለ። አሳልፈው ልል ነበር። ግን ምላጩ ማንቁርቴ ላይ ስለነበር እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።